የቡሹሎን ሐይቅ ዳር በር አትግጠሙበት

ይድረስ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው ምክር ቤት፣ እንዲሁም በከተማ ፕላንና በመሬት ሥራ ላይ ለተመደባችሁ ባለሙያዎች በሙሉ



ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐዋሳ ወደ ደቡብ እየሰፋች ነው። ትናንት እንሰትና በቆሎ የነበረበት ማሳ ዛሬ የካስማ ምልክት ተተክሎበታል። በዚያው አቅጣጫ ያለው ቡሹሎ የሐዋሳን ሐይቅ የተንተራሰ ቦታ በመሆኑ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ፣ በአጥር የታጠረና በጥበቃ የሚጠበቅ የጋራ መኖሪያ እንደሚታሰብለት መገመት ከባድ አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ሕንፃ የሚሠራ ከሆነ አጥሩ ሐይቁ ድረስ አይሂድ። የውሃው ዳር፣ ወደ ውሃው የሚወስደው የእግር መንገድ፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ዛፎችና የመቃብር ቦታዎች ከማንም ግቢ ውጭ ይቅሩ። ይህም ሊዙ ከመፈረሙ በፊት በፕላኑ ላይ ይጻፍ።

ሕንፃ አይሠራ አልልም። የቤት ኪራይ በየጊዜው የሚጨመርበት አስተማሪ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት፣ ከወላጆቹ ጋር ተጨናንቆ የሚኖር አዲስ ተጋቢ፣ ሁሉም ቤት ይፈልጋሉ። መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ወደ ላይ መሥራት የግድ ነው። አዲስ አበባ መሀል፣ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በተሠራ የጋራ መኖሪያ ውስጥ ለዓመታት ስለኖርኩ የአጥርን ጥቅም አቃልዬ አልናገርም። ልጆች ከብሎኩ ሥር መኪና ሳይፈሩ ይጫወታሉ። ሌሊት ከሥራ የምትመለስ ነርስ በሩን የሚከፍትላት፣ በስሟ የሚጠራት ዘበኛ አለ። የውሃ ታንከሩም የግቢው መብራትም በጋራ መዋጮ ይያዛሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቡሹሎ ነዋሪም ይገባዋል።

ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ውጭ የሚቀሩትንም አይቻለሁ። እኔ የነበርኩበት ግቢ ከመታጠሩ በፊት ሰፈሩን አቋርጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ ጠባብ መንገድ ነበረ። ከታጠረ በኋላ አሮጊቶቹ በአስፋልቱ ዞረው ይሄዱ ጀመር፤ ከዚያ ጉልበታቸው የደከመው ቀሩ። እንጀራ የምታዞረውን ሴት ጥበቃው በር ላይ ያስቆማታል። ዕድሩም ለሁለት ተከፈለ፤ የግቢው ሰው የራሱን አቋቋመ፣ አጥር ማዶ የቀሩት የድሮውን ይዘው ቀሩ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ሁሉም የሆነው በሩ ከተገጠመ በኋላ ነው፣ በሩ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ማንም አላስነሳውም።

ከዚህ በፊት በአገራችን የሆነውን ብናይ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ቦታ አደሉ። እያንዳንዱ ባለሟል ግቢውን ኮረብታ ላይ ሠራ፤ በዙሪያው ወታደሩ፣ ሎሌው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ጠጅ ጣዩ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር የምንላቸው እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። የመኳንንቱ ግቢ አጥር ነበረው፤ ያም የሥልጣን አጥር ነበር፣ ልናሞግሰው አይገባም። ሆኖም ሀብታምና ድሃ አንድ ምንጭ ይቀዱ፣ አንድ ደብር ይሳለሙ፣ አንድ ገበያ ይወጡ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ አንዳንዱ ግቢ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዱ የቀበሌ ቤት ሆነ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ያየዋል። ከአሮጌ ግቢዎች ሁሉ የተሻለ ዕድል የደረሰው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ግን ፈርሰው በላያቸው ኮንዶሚኒየም ተሠራባቸው። ልደታንና ባሻ ወልዴ ችሎትን ተመልከቱ። በመሀል ከተማ የጋራ መኖሪያ መሥራቱ ትክክል ነበር፤ ሰውን ከመሀል ወደ ዳር ከመግፋት ይሻላል። ጉድለቱ ሌላ ነበር። በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኪራይ ይኖር የነበረ ሰው የቅድሚያ ክፍያ ሲጠየቅ ከየት ያመጣል? አንዳንዱ በዕጣ የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ ርቆ ሄደ፤ አንዳንዱ ሸጠው። የሰፈሩ ስም ቀረ፣ ሰፈርተኛው ግን ተበተነ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሱ። ከካሳንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ገላን ጉራ ሄደው አዲስ ሕይወት ጀመሩ። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ ሥራቸው፣ ደንበኞቻቸውና ትምህርት ቤታቸው መሀል ከተማ የቀሩባቸውም አሉ።

ለገሃርም ሌላ ምሳሌ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ የሚያለማው፣ 36 ሄክታር የሚሸፍነው የለገሃር ፕሮጀክት ሲጀመር ሁለት ነገሮች ተነግረው ነበር። አንደኛው አሮጌው ባቡር ጣቢያ እንደማይፈርስ፣ ሁለተኛው ቦታው ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች እዚያው እንደሚሰፍሩ ነው። ቃሉ አስቀድሞ በአደባባይ ስለተነገረ ነዋሪው የሚይዘው፣ ጋዜጠኛውም የሚጠይቅበት ነገር አገኘ። እኛም ከእናንተ የምንፈልገው አስቀድሞ የሚነገር፣ የሚጻፍ ቃል ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሐዋሳ ዕድሜዋ ረጅም ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ ሳሉ ስትመሠረት፣ ቦታው አዳሬ የሚባል የሲዳማ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። ጡረታ ለወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጠ፣ መንገድ ተቀየሰ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ መጣ። አዳሬ አሁን በሆስፒታሉ ስም ይነሳል። ከብቶቹን ይነዱ የነበሩት ሰዎች የት እንደደረሱ ግን የከተማዋ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ቡሹሎ ላይ ያንኑ ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ መጻፍ የለብንም።

የሲዳማ ሕዝብ ስለ ጋራ መሬት ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። ጉዱማሌ አለው፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ በዓል የሚከበርበት፣ አንድ ሰው የእኔ ብሎ የማያጥረው ሜዳ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ጉዱማሌ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ነው፤ በዓሉንም ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እስቲ የበዓሉን ቀን አስቡት። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የቤቱ ባለቤት ቡርሳሜ አቅርቦ ያበላቸዋል። የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። አሁን ቡሹሎ ላይ ትልቅ የብረት በር፣ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ዘበኛው እጅ የእንግዳ መዝገብ አለ እንበል። እነዚህ ልጆች በሩ ላይ ሲደርሱ ምን ይባላሉ? ከተማችን የዓለም ቅርስ ብላ የምትኮራበት በዓል እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው እዚያ በር ላይ ነው። ቅርሱን መድረክ ላይ በጭፈራ ማሳየት ይቻላል፤ ልጆቹ የሚዞሩበት ደጅ ከሌለ ግን የቀረው ጭፈራው ብቻ ነው።

ስለ ሐይቁም ልናገር፤ ይህኛው ከአጥሩም የባሰ ያሳስበኛል። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደ ውስጥ የገባው ቆሻሻ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ውሃው ይተናል፣ የገባው ይቀራል። ቆሮሶውን፣ አምባዛውን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደን የምንበላው እኛው ነን፤ ልጆቻችንም የሚዋኙት እዚያው ነው።

የጋራ መኖሪያ ማለት ደግሞ ብዙ ሰው በትንሽ መሬት ላይ ማለት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ መቶ ቤተሰብ ሲገባ የመጸዳጃው ፍሳሽ በቀን ስንት እንደሚሆን መሐንዲሶቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ያሰሉታል። በሌሎች ሳይቶች ያየነው ግን አንድ ነው። ሕንፃው ያልቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቁልፍ ይሰጣል፤ የፍሳሹ ጉዳይ ለኋላ ይቀራል። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፣ መኪናው ሲዘገይ ግቢው ይሸታል፣ ክረምት ሲገባ ከዝናቡ ጋር ይፈሳል። ከሐይቅ ርቆ ባለ ሰፈር ይህ የጎረቤት ጸብ ያመጣል። ቡሹሎ ላይ ግን ቁልቁለቱ ወደ ሐይቁ ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያው ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አንድም ቤት ለነዋሪ አይሰጥ። ማጣሪያውን ለዘለቄታው ማን እንደሚያንቀሳቅስ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም አስቀድሞ ይታወቅ። ይህን ለግቢው ማኅበር ብቻ ትቶ መሄድ አይበቃም፤ የመብራት መዋጮ መሰብሰብ የሚቸግረው ማኅበር የማጣሪያ ጣቢያ ሊያስተዳድር አይችልም።

ማኅበሩን ካነሳሁ፣ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚያስተዳድረው ግን በይዞታ ካርታው ውስጥ ያለውን ነው፤ የምፈራውም እዚህ ላይ ነው። ካርታው ሐይቁ ድረስ ከሄደ የሐይቁ ዳርም የማኅበሩ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን የሚያቆምበትን ቦታ የሚወስነው የግቢው ስብሰባ ነው። በስብሰባው ድምፅ የሚሰጡት ባለቤቶች ናቸው፤ ተከራይ ድምፅ የለውም፣ አጥር ማዶ ያለው ገበሬ ደግሞ ጨርሶ አይጠራም። ማንም ሕግ ሳይጥስ የሕዝብ የነበረ ዳርቻ የጥቂቶች ሊሆን ይችላል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የሚችለው ካርታውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የእናንተ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ቢሾፍቱ ሄዳችሁ የባቦጋያን ሐይቅ ለመዞር ሞክሩ። የአንዱ ሎጅ ግንብ ሲያልቅ የሌላው ቪላ አጥር ይጀምራል። ሐይቁን ለማየት የፈለገ ሰው አንዱ ሎጅ ገብቶ ቡና ወይም ምሳ ማዘዝ አለበት። በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ቁራሽ በቁራሽ እየተሰጠ እዚያ ደረሰ፣ እያንዳንዱም ፈቃድ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። ሐዋሳም በሐይቁ ዳር ብዙ ሆቴልና ሪዞርት አላት፤ ለከተማዋ ሥራና እንግዳ አምጥተዋል። እነሱን አልከስም። የቀረውን ግን ቆጥረን እንወቅ እላለሁ።

ደግሞም ሐዋሳ ራሷ የተሻለ መንገድ አሳይታለች። ፍቅር ሐይቅ የምንለው ዳርቻ ላይ ያለው ግድብ ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ ለመከላከል የተሠራ ነው። ማንም የመዝናኛ ስፍራ ይሆናል ብሎ አልጀመረውም። ነገር ግን ክፍት ስለነበር ሕዝቡ ወጣበት። ማታ ማታ ተማሪው፣ ሙሽራው፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው አንድ ላይ ይሄዱበታል። ቆሎ ሻጩም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ጀልባ ቀዛፊውም ከእሱ ይተዳደራሉ። ከተማዋ ካሏት ቦታዎች ሁሉ ሐዋሳን ሐዋሳ ያደረገው እሱ ነው ብል የምትቃወሙኝ አይመስለኝም። ቡሹሎ ላይም እንዲሁ ይሁን። ሕንፃዎቹ ከዳርቻው ወደ ኋላ ይራቁ፤ በእነሱና በውሃው መካከል ለሁሉም ክፍት የሆነ የእግረኛ መንገድ ይለፍ፤ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት የቆዩ መንገዶችም አሁን ባሉበት ቦታ በፕላኑ ላይ ይመዝገቡ። የግቢው በር የሚገጠመው የሕንፃው ደረጃ ላይ ወይም የጋራ ግቢው ላይ ይሁን፤ መንገዱ ላይ አይሁን። የልጆች ደህንነትና የሕዝብ መንገድ አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ጥሩ መሐንዲስ ያገናኛቸዋል።

የመንገዱ ጉዳይ ለጤናም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቡሹሎ ጤና ጣቢያ እናቶችና ሕፃናት የሚታከሙበት ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ፣ በጋሪ ወይም በሰው ትከሻ የምትመጣበት መንገድ በአንድ ትልቅ ግቢ ተቆርጦ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንባት፣ የጠፋው ጊዜ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ማንኛውም ፕላን ሲወጣ ከየአቅጣጫው ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዱት መንገዶች እንደማይነኩ መጀመሪያ ይረጋገጥ።

የመሬቱ ባለይዞታዎችን በተመለከተ ሕጉ ከእኔ በፊት ተናግሯል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትና ካሣ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ቦታቸው ሊለማ የታሰበ ባለይዞታዎች በግል ወይም ተደራጅተው በፕላኑ መሠረት ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። አስቸኳይ ምክንያት ከሌለም ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዛል። ይህ ድንጋጌ ቡሹሎ ላይ ሥራ ላይ ይዋል። ገበሬው ካሣ ተቀብሎ እንዲሄድ ብቻ አይጠየቅ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ከሕንፃው ውስጥ ቤትም፣ ምድር ቤት ላይ ሱቅም እንዲኖረው ይመከር፣ ብድርና መሐንዲስ ይመቻችለት። አባቱ የተከሉትን እንሰት ትቶ በሚወጣበት መሬት ላይ ዘበኛ ሆኖ መቀጠር ብቻ ነው የሚቀረው እንዳይባል። ጥበቃነትን አልንቅም፤ የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን የመሬቱ ልጅ ካለው ምርጫ ሁሉ እሱ ብቻ እንዲቀርለት መፍቀድ የለብንም።

አሮጌ ነገር ሲባል ግንብና ቤተ መንግሥት ብቻ አይታሰብ። ቡሹሎ ላይ ቤተ መንግሥት የለም። ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ጸብ የሚያበርዱበት ጥላ፣ የአባቶች መቃብር፣ ጉሬዛ የሚዘልበት ዛፍ፣ ጉማሬ ሌሊት የሚወጣበት ሣር ግን ሊኖር ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ቀያሹ ካስማ ከመትከሉ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር እየዞረ እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ በካርታ ላይ ያስፍራቸው። የአንድ ሳምንት ሥራ ቢሆን ነው። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግን የመቶ ዓመት ዛፍ በችግኝ አይተካም።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለቡሹሎ የሚዘጋጅ የአካባቢ ልማት ፕላን ካለ፣ በረቂቅ ደረጃ ሳለ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ስብሰባው በከተማው አዳራሽ ሳይሆን እዚያው ቡሹሎ፣ ሴቶች ከገበያ በተመለሱበትና አጥማጆች ከሐይቅ በወጡበት ሰዓት፣ በሲዳማ አፎና በአማርኛ ይካሄድ። ከፕላን ክፍሉ አንድ ባለሙያ ካርታውን ይዞ ይምጣና የሐይቁ ዳር ወሰን የት ላይ እንደሚያርፍ በእግሩ እየሄደ ያሳየን። ቀኑ ሲወሰን ለቀበሌው አሳውቁልን፤ እኛ ጎረቤቶቻችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቡሹሎ ነዋሪ